የጋሼን መብራት ላስተካከሉልን ሐኪም

ይህን ምስጋና መጻፍ ከነበረብኝ ሦስት ወር አልፏል። ስንፍና ነው፣ ሌላ ሰበብ የለኝም።

ጋሼ ቢርድድ ድራገን ነው። የዘሩ አገር የአውስትራሊያ ደረቅ ምድር ነው፤ ጉሮሮው ሥር ጺም የመሰለ እሾሃማ ቆዳ ያለው እንሽላሊት። ቤታችን ሲመጣ ከነጅራቱ ከመዳፌ ብዙም አይተርፍም ነበር። በጺሙ ምክንያት ግን «ጋሼ» የሚል ስም ወጣለት። ባለቤቴ አንዳንዴ አንቱ ይለዋል።

የሸጠልን ሰው ሁሉንም አሟልቶ ነው የሰጠን፦ የመስታወት ቤት፣ ቀይ አምፖል፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ድንጋይ፣ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ክብ ቴርሞሜትር፣ ጠምዛዛ ትንሽ የዩቪቢ አምፖል (ዩቪቢ ከፀሐይ የሚመጣ፣ ለዓይን የማይታይ ጨረር ነው)። እኛም አመንን። በአምስተኛው ሳምንት ጋሼ ፌንጣ ፊቱ እየዘለለ ዝም ማለት ጀመረ። ቀጥሎ የፊት እግሩ ጣቶች ይንቀጠቀጡ ጀመር። በርዶት ነው ብዬ ፎጣ አለበስኩት። አትሳቁ።

መጀመሪያ የደወልኩላቸው ሁለት ሐኪሞች እንሽላሊት አናክምም አሉኝ። ሳያውቁ ከመነካካት ይሻላል፣ አልተቀየምኳቸውም። ሦስተኛው እኚህ ሰው ናቸው። ስለ መንቀጥቀጡ አውርቼ ሳልጨርስ «የመብራቱ ካርቶን አለሽ? ምን ይላል?» አሉኝ። ግራ ገባኝ። «ግድ የለም፣ ከነቤቱ አምጪው። አምፖሎቹን እንዳትረሺ።»

ተሸክመን ሄድን። ጋሼን አገላብጠው አዩት፣ መንጋጋውን በጣታቸው ጫን እያደረጉ ዳሰሱት፣ ራጅ አነሱት። ከዚያ መብራቶቹን ሰክተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። የኛ ክብ ቴርሞሜትር 38 ዲግሪ አለ። እሳቸው እንደ ሽጉጥ የሚደገነውን ቴርሞሜትር ድንጋዩ ላይ ደገኑ፦ 31። ዩቪቢ የሚለካ ሌላ መሣሪያ አወጡና ከመስታወቱ ክዳን ሥር፣ ጋሼ በሚተኛበት ቦታ ያዙት። ዜሮ። አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል፣ ጋሼ ጋ የሚደርሰው ዩቪቢ ግን ዜሮ! ለካ ተራ መስታወት ዩቪቢን ያስቀረዋል። መስኮት ሥር አስቀምጬ «ፀሐይ አሞቅኩት» ስል የከረምኩትም ለዚህ አልጠቀመውም።

ቆዳው ዩቪቢ ሲያገኝ ቫይታሚን ዲ3 ይሠራል። ዲ3 ካነሰው የበላው ካልሲየም ወደ ደሙ አይገባለትም። ሰውነት ደግሞ ያለ ካልሲየም አይሠራምና ከራሱ አጥንት ይበደራል። ብድሩ ሲበዛ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ መንጋጋ ይለሰልሳል፣ እግር ይጎብጣል። ገና በማደግ ላይ ያለ ሲሆን ይፈጥናል። የጋሼ ጅማሬው ላይ ተደርሶበታል። ሙቀቱም የራሱ ጣጣ ነበረው፤ እንሽላሊት ከውጭ ካልሞቀ የበላውን እንኳ መፍጨት አይችልም። የፎጣዬ ነገር ያኔ ገባኝ። የራሱ ሙቀት የሌለውን ፎጣ ምኑን ይዞ ያሞቀዋል?

የሚዋጥ ካልሲየም አዘዙለት። መጠኑን አልጽፍም፣ በክብደቱ የተሰላ ነው። ቀዩን አምፖልና የሚሞቀውን ድንጋይ ግን ለይተው «እነዚህን ለሌላ ሰውም እንዳትሰጪ» አሉኝ። ድንጋዩ ሆዱን ሊያቃጥለው ይችላል፣ ቀዩን ብርሃን ደግሞ ስለሚያየው ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዋል።

አሁን ያለን ቲ5 የሚባለው ረጅም የዩቪቢ ቱቦ ነው፣ ባለ 12 ፐርሰንቱ። ከቤቱ ርዝመት ከግማሽ በላይ ይሸፍናል። በሱና በጋሼ መሃል መስታወትም የሽቦ ወንፊትም የለም፤ ከጀርባው ወደ 40 ሳንቲሜትር ይርቃል። ርቀቱን በመሣሪያቸው ለክተው ነው የነገሩኝ፣ ቱቦው ሲለያይ ርቀቱም ይለያያል። አጠገቡ ነጭ የሙቀት አምፖል አለ። ከሥሩ ያለው ተራ ድንጋይ 41 አካባቢ ይሞቃል፣ የቤቱ ሌላኛው ጫፍ 26 ነው። ጋሼ እንደ ፍላጎቱ ይመላለሳል። መብራቱ በሰዓት ቆጣሪ በቀን 13 ሰዓት ይበራል፣ ሌሊት ሁሉም ይጠፋል። ክፍሉ ከ18 ዲግሪ በታች ከወረደ ብቻ ብርሃን የሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ፣ እሱም ሙቀቱን እያየ ከሚያበራውና ከሚያጠፋው ቴርሞስታት ጋር።

ቱቦው ጫፍ ላይ የተገዛበትን ቀን በማርከር የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ለዓይን እየበራ ዩቪቢው ስለሚደክም በዓመቱ ይቀየራል።

ስለ ምግቡም መከሩኝ፦ ፌንጣው በሁለቱ ዓይኖቹ መሃል ካለው ስፋት አይብለጥ፣ ካልሲየም ዱቄት ይነስነስበት፣ ቅጠልም በየቀኑ ይቅረብለት። አሸዋውን አስወጥተው ወረቀት አስነጠፉኝ፤ ከፌንጣው ጋር እየዋጠው አንጀቱ እንዳይደፈን።

ሐኪሙ እንከን የላቸውም አልልም። ስልክ ቶሎ አያነሱም፣ ተራቸውም ይረዝማል። ግን ቱቦውን ከፈለግኩበት እንድገዛ ነገሩኝ እንጂ አንድ አምፖል እንኳ አልሸጡልኝም። በሳምንቱ ደግሞ ራሳቸው ደውለው «ክብደቱ ስንት ገባ?» አሉኝ። እስካሁን በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን እመዝነዋለሁ። መንቀጥቀጡ ጠፍቷል፤ ፌንጣ ሲያይ አሁን የሚያቆመው የለም።

አንድ ቀን ድንጋዩ ላይ አፉን በረገድ አድርጎ ቀረ። አለቀልኝ ብዬ ደወልኩ።

«ድንጋዩ ስንት ይላል?»

«41።»

«እንግዲያውስ ሞቆታል ልጄ። ፈቀቅ ሲል ይዘጋዋል።»

ስልኩን ሳልዘጋ ጋሼ አፉን ገጥሞ ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ሄደ።

ስማቸውን አትለጥፊ ስላሉኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ብቻ የመብራታችሁን ካርቶን እንዳትጥሉት። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።