ለጫሞ ሐይቅ የጀልባ አስጎብኚዎች አሰልጣኝ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

በአርባ ምንጭ፣ በጫሞ ሐይቅ ላይ ወጣት የጀልባ አስጎብኚዎችን ለሚያሠለጥኑልን አንጋፋ ባለሙያ፣ በአስጎብኚ ድርጅታችን ሠራተኞችና በእንግዶቻችን ስም ልባዊ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እወዳለሁ። ስማቸው እንዳይጠቀስ አጥብቀው ስለለመኑኝ ፈቃዳቸውን አክብሬ «ጋሼ» ብቻ እያልኩ እጽፋለሁ። በሐይቁ ዳርቻ የሚሠራ ሰው ግን ማንን ማለቴ እንደሆነ አይጠፋውም።

ጫሞን ላላየ አንባቢ ያህል፣ የኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ «የአዞ ገበያ» የሚባል ዳርቻ አለ። ትልልቅ አዞዎች ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሊሞቁ ወደ ዳር ይወጣሉ፤ ከዚያ እልፍ ሲባል ደግሞ ጉማሬዎች ከነልጆቻቸው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ተኝተው ይታያሉ። እንግዳ ይህን ሁሉ የሚያየው በጀልባ ሆኖ በመሆኑ፣ የጉብኝቱ ደኅንነት በአብዛኛው የሚወሰነው በጀልባ ነጂውና በአስጎብኚው ዕውቀት ነው። ጋሼም ሥልጠናቸውን የሚጀምሩት እንስሳቱን ከማሳየት ሳይሆን እንስሳቱን ከማንበብ ነው።

ለምሳሌ የአዞና የጉማሬ አፍ መከፈት ፍጹም የተለያየ ትርጉም እንዳለው በመጀመሪያው ቀን ያስተምራሉ። አዞው ዳር ላይ ተኝቶ አፉን የሚከፍተው ሙቀት ለማስወጣት ነው፤ ጉማሬ ወደ ጀልባ ዞሮ አፉን በሰፊው ሲከፍት ግን ራቁልኝ ማለቱ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ በሠልጣኞቹ አእምሮ የሚቀርጹት የአፍንጫ ቆጠራን ነው። ጀልባዋ ወደ ጉማሬዎቹ ገና ሳትቀርብ ሞተሩ ዝግ ይላል፤ ሠልጣኙ ከውኃው በላይ የሚታየውን አፍንጫና ጆሮ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ጉማሬ ውኃ ውስጥ ጠልቆ እስከ 5 ደቂቃ ገደማ ሊቆይ ስለሚችል፣ ስድስት ቆጥሮ ቆይቶ አምስት ያየ ሰው ስድስተኛው የት እንደወጣ እስኪያውቅ ድረስ ወደፊት ፈቀቅ አይልም። ጋሼ በዚህ ጉዳይ ላይ ምንም ዓይነት ይሉኝታ የላቸውም፤ ቆጠራው ላይ የተሳሳተ ሠልጣኝ የቱንም ያህል ንግግር ቢያውቅ እንግዳ ይዞ እንዲወጣ አይፈቅዱለትም።

ጉማሬ ማታ ሣር ሊግጥ የሚወጣባቸውንና ጎህ ሲቀድ ወደ ውኃ የሚመለስባቸውን መንገዶችም ዳር ዳሩን እየዞሩ ያሳያሉ። በእንስሳውና በውኃው መካከል መቆም ትልቁ አደጋ በመሆኑ፣ እንግዳ ለፎቶም ሆነ ለሌላ ጉዳይ በእነዚህ ቦታዎች ከጀልባ እንዲወርድ አይፈቀድም። ከሰዓት በኋላ ስለሚነሳው ነፋስ፣ ላይፍ ጃኬት በልክ ስለማሰር፣ የዓሣ አጥማጆች መረብ የተዘረጋበትን ቦታ በዝግታ ዞሮ ስለማለፍም ያስተምራሉ፤ እነዚህን ሌሎችም ስለሚያውቋቸው አላረዝምባቸውም።

የሥልጠናቸውን ፍሬ በዓይኔ ያየሁት ከእንግዶች ጋር በወጣሁበት አንድ ጠዋት ነው። አሸዋው ላይ እንቁላሏን ቀብራ የምትጠብቅ አዞ አጠገብ እንድንጠጋ አንድ እንግዳ ለአስጎብኚያችን ጠቀም ያለ ጉርሻ አቀረበለት። ልጁ ገንዘቡን በትሕትና መለሰና እናቲቱ ደንግጣ ወደ ውኃ ብትገባ አርጃኖ ጎጆውን ቆፍሮ እንቁላሉን ሊበላው እንደሚችል፣ እሷ ግን ወደ 3 ወር ለሚጠጋ ጊዜ ከአጠገቡ እንደማትርቅና የጫጩቶቹን ድምፅ ስትሰማ አሸዋውን ቆፍራ እንደምታወጣቸው ረጋ ብሎ አስረዳው። እንግዳው አልተቆጣም፤ እንዲያውም ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደብ እስክንደርስ ድረስ ይጠይቀው ነበር። በዚያ ቀን የተሰማኝ ኩራት እስካሁን አብሮኝ አለ።

ጋሼን ከሌሎች አሠልጣኞች የሚለያቸው ግን አሠሪዎችንም ማስገደዳቸው ነው። ልጆቻችንን ከመቀበላቸው በፊት፣ አስጎብኚው በነፋስ ወይም በእንስሳቱ ሁኔታ ምክንያት ጉዞ ቢሰርዝ ወይም ከመንገድ ቢመለስ የቀን አበሉ ሳይቀነስ እንደሚከፈለው በጽሑፍ እንድፈርም ጠየቁኝ። ያኔ ጥያቄው ከበድ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ከሥልጠናው ሁሉ ዋነኛው ክፍል እርሱ እንደሆነ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ዳቦው የሚቀርበት ወጣት የቱንም ያህል ቢሠለጥን እንግዳን «አይሆንም» ለማለት ይቸገራል። የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤቶች የሆናችሁ ሁሉ ይህንን አሠራር እንድትከተሉ በአክብሮት እለምናችኋለሁ።

ወደ አርባ ምንጭ የምትጓዙ ቤተሰቦችም፣ በተለይ ልጆችና አረጋውያን ይዛችሁ ከሆነ፣ ለጉዞው ጠዋትን ምረጡ፤ ከመሳፈራችሁም በፊት አስጎብኚያችሁ ከማን እንደሠለጠነ፣ ለሁሉም ሰው የሚበቃ ላይፍ ጃኬት መኖሩን ጠይቁ። የጋሼን ልጆች ካገኛችሁ ሳትጠራጠሩ ተሳፈሩ። ጋሼ የእንግዳ ቁጥር በሚቀንስበት ወቅት ወደ ሌላ አካባቢ ሄደው ለማሠልጠን ፈቃደኛ መሆናቸውን ስለነገሩኝ፣ በሐዋሳ ሐይቅና ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር በኩል ጉማሬ የምታስጎበኙ ማኅበራት በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ አገናኛችኋለሁ። ለእኔ የድለላ ክፍያ አያስፈልግም፤ የእሳቸውን የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ ብቻ ቀድማችሁ አዘጋጁ።