የአየር ሴንሰር ጥርጣሬ፦ ሶኬት መንቀል ወይስ በኮምፒውተር ማስመርመር?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ መኪናው ከወትሮው በላይ ከደከመ፣ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ያለውን የአየር መጠን ሴንሰር ጠርጥሩ። (ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ጉልበቱ ጥቂት ቢቀንስ ጤነኛ ነው።)

ሶኬት መንቀል፦ ወጪ የለውም። ሞተሩን አጥፍታችሁ የሴንሰሩን ሶኬት ንቀሉ፤ ስታስነሱት ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው የሞተር ዙር) ከተስተካከለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ማረጋገጫ ግን አይደለም፤ የቼክ መብራትም ያበራል።

በኮምፒውተር ማስመርመር፦ ያስከፍላል፣ ግን ሴንሰሩ የሚያነበውን ቁጥር ታያላችሁ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ፣ ለብዙ የቤት መኪኖች ልኩ በሰከንድ ከ2 እስከ 7 ግራም አየር ነው፤ ነዳጅ ሲረገጥም ወዲያው መጨመር አለበት። ከሴንሰሩ በኋላ ያለው የላስቲክ ቱቦ ተሰንጥቆ አየር ካስገባም ንባቡ ዝቅ ስለሚል፣ እኔ ሁልጊዜ ቱቦውን አስቀድሜ እዳብሳለሁ።

መንገድ ላይ ለቆመ ሰው መንቀሉ ይበቃል። አዲስ ሴንሰር ልትገዙ ከሆነ ግን እባካችሁ ሳታስመረምሩ ብር አታውጡ።