ወጨጫ ላይ ለደረሱልን ሲስተር ምስጋና፣ ተራራ ለምትወጡ ሁሉ ጥቆማ

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ይህን በአደባባይ የምንጽፈው ውለታቸው በስልክ ምስጋና ብቻ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። ደግሞም በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ እንጦጦ፣ ወደ የረር፣ ወደ ወጨጫ የሚወጣው ሰው በዝቷል፤ አብሮ የሚወጣ የጤና ባለሙያ ግን ብርቅ ነው። ሲስተር ጡረታ የወጡ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናቸው። ቡድን ይዞ ተራራ ለሚወጣ ሰው አብረው ይጓዛሉ፣ ሰበታ መውጫ ላይ ባለ አንድ ሜዳም የመጀመሪያ እርዳታ ያሰለጥናሉ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ እንደለመድነው ሲስተር እያልን እንቀጥል።

ነገሩ የሆነው ከወጨጫ ጫፍ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ሲወረድ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው የአስታ ጫካ ሥሩ አይደርቅም፣ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሰው የሚጎዳውም በአብዛኛው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ጉልበት ዝሎ፣ ልብ ቀድሞ ቤት ገብቶ። አንዲት እህታችን እግሯ ታጠፈና ወደቀች። ሁሉም ተሯሩጦ «ተነሺ፣ ትንሽ ብትረግጪበት ይለቅሻል» ማለት ጀመረ። ሲስተር «ልጆች፣ እጃችሁን ሰብስቡ» አሉ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

እግሯን ከመንካታቸው በፊት ጭንቅላቷን መትቷት እንደሆነ፣ አንገቷን ያማት እንደሆነ ጠየቁ፣ ትንፋሿን አዩ። ከዚያ የጫማውን ክር እስከ ታች ፈትተው፣ ምላሱን ወደ ፊት ገልብጠው፣ ሳይጎትቱ አወለቁት። በአውራ ጣታቸው የቁርጭምጭሚቱን አጥንት የኋላ ጠርዝ ከ6 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ጀምረው እስከ ጫፉ ተጫኑት፤ በውስጥም በውጭም በኩል። እዚያ ላይ፣ ሥጋው ሳይሆን አጥንቱ ራሱ ካመመ፣ ወይም ሰውየው አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ እንደ ስብራት ይያዛል። ወለምታ ነው ወይስ ስብራት የሚለውን ኤክስሬይ ይፍረደው። የእሷ አጥንቱ ላይ ነበር ያመማት።

አስተሳሰራቸውን ያየ ሰው አይረሳውም። የተጎዳውን እግሯን አውራ ጣት ጥፍር ተጭነው ለቀቁት፤ ነጣ ያለው በ2 ሰከንድ ውስጥ ተመልሶ መቅላት አለበት። ብርድ ስለሚያዘገየው ከደህናው እግር ጋር አስተያዩት። ዓይኗን አስጨፍነው «አሁን የትኛውን ጣት ነው የነካሁት?» አሏት። ከዚያ የመኝታ ስፖንጁን ከጉልበት በታች ጀምረው ተረከዙን ዙረው በሌላው ጎን መለሱት፣ ክፍተቱን በሹራብ ሞሉት፣ በሦስት ቦታ አሰሩት። ቋጠሮ ጉዳቱ ላይ አያርፍም፣ የእግር ጣቶች አይሸፈኑም። ካሰሩ በኋላ ጥፍሩን እንደገና፣ በመንገድም በየ15 ደቂቃው። አንዴ ጣቷ ቀዝቅዞ አገኙትና ወዲያው የላይኛውን አላሉት። እግሩ ሲያብጥ መጀመሪያ ልክ የነበረው ማሰሪያ ይጠብቃል፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው፣ ደም የታገደበት እግር ደግሞ እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

ከዚያ ለእናቷ ደወሉላቸው። ይህ የእኛ ሁሉ ልብ ውስጥ የቀረው ነው። «እመቤቴ፣ ልጅዎ አጠገቤ ናት፣ እያወራች ነው፣ ሻይ እየጠጣች ነው። እግሯን ስለተጎዳች ኤክስሬይ እናስነሳታለን። እንኩ ራስዋን ያነጋግሯት።» ብለው ስልኩን ሰጧት። ደህንነቷ ቀደመ፣ ጉዳቱ ተከተለ፣ ከዚያ የልጅ ድምፅ። እናት ሳይደነግጡ ተረጋጉ። ልጅቷም ጉዞውን ያበላሸች መስሏት ስታለቅስ የነበረችው ያኔ ነው ያቆመችው።

ለመሸከም ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር በኦሮምኛ ተነጋግረው ሁለት ተኩል ሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት አጠናና አንድ ጋቢ አገኙ። ጋቢው መሬት ይነጠፋል፤ አንደኛው አጠና ከስፋቱ ሲሶ ላይ ይቀመጥና ጋቢው ይታጠፍበታል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በትከሻ ስፋት ልክ ርቆ እጥፉ ላይ ይቀመጥና የቀረው ይመለስበታል። መስፋት አያስፈልግም፣ የተኛው ሰው ክብደት ራሱ ይይዘዋል። መጀመሪያ ከመካከላችን ከባዱን ሰው አስተኝተው አስነሱት፤ ያልተሞከረ ቃሬዛ ላይ በሽተኛ አይወጣም አሉ። ቁልቁል እግር ይቀድማል፣ አቀበት ላይ ጭንቅላት። አራት ሰው ይሸከማል፣ አንዱ ፊት ሆኖ ድንጋይና ሥር ይጠራል፣ የቀረው እየተቀያየረ ይገባል። ሁለት ልጆች ቀድመው ወርደው በ907 የተጠራውን የቀይ መስቀል አምቡላንስ መንገድ ላይ እንዲጠብቁ ላኩ። ጫካ ውስጥ ያለን ሰው በስልክ «በዚህ ግቡ» ብሎ ማግኘት አይቻልምና። (ጋቢውን ደግሞ አሳጥበው ለባለቤቱ መልሰዋል።)

አሁን ምሬታችንን እንናገር፤ ስም አንጠራም። አውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንድ መሪ የሚያስወጣ አዘጋጅ አይተናል፤ መሪው ስፒከር ይዞ ፊት ይሄዳል፣ ከኋላ የቀረውን የሚያይ የለም። «የመጀመሪያ እርዳታ አለን» ተብሎ ሳጥኑ ሲከፈት ቀኑ ያለፈበት ቅባትና ጥቂት ፕላስተር። ያበጠ ቁርጭምጭሚት በሙቅ ውሃ ሲታሽ፣ እብጠቱ ሲብስ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ እየሰሙ «ጫፍ ሳንደርስ አንመለስም» ሲባል። በብርድ የሚንቀጠቀጥ ልጅ አረቄ ሲጠጣ፤ አረቄ የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ ሙቀት ያስወጣል እንጂ አያሞቅም። ቅሬታ ለማቅረብ ሲደወልም ስልኩ ዝግ ነው።

ሲስተር አብረው ከወጡ የመመለሻ ሰዓት ከመነሳት በፊት ይነገራል፤ 8 ሰዓት ላይ የትም ይደረስ የት ይዞራል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል፣ ጅቡም ይወጣል። ነጎድጓድ ከተሰማ ከሸንተረሩ ይወረዳል፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ይራቃል፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይወጣም። ጥጥ ሹራብ የለበሰውን ጉዞ ሳይጀመር ያስቀይሩታል፤ የራሰ ጥጥ ሙቀት ይጨርሳል። የበረደውን ሰው እርጥቡን አውልቀው፣ ከመሬት ለይተው፣ ደረቅ አልብሰው ስኳር የበዛ ሻይ ይሰጡታል።

ሥልጠናቸው ላይ ለእኛ ሀገር የሚሆነውን ነው የሚያስተምሩት። የእረኛ ውሻ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ቢቧጭርም እንኳ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ ክትባት መሄድ። «የማውቀው ውሻ ነው» የሚለውን አይቀበሉም። ምድጃ ያቃጠለው እጅ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ስር፤ ቅቤ፣ ቡና፣ የጥርስ ሳሙና ወዲያ። ደም ሲፈስ 10 ደቂቃ ሳያነሱ መጫን፣ «ቆመ ወይ?» ብሎ አሁንም አሁንም መግለጥ የረጋውን ይቀድዳል። ተቅማጥ ለያዘው አንድ ፓኬት ለምለም (ኦ.አር.ኤስ) በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ፤ ፓኬቱ ካልተገኘ በዚያው አንድ ሊትር ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። የምንጭ ውሃ በእኛ ከፍታ ፈልቶ 3 ደቂቃ ይቆያል። በፊሽካ እርዳታ ለመጥራትም ደንብ አለው፦ በደቂቃ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ መድገም። እያንዳንዱን በቃል ነግረው አይተዉም፤ ተማሪው በእጁ ሠርቶ ካላሳያቸው አይለቁትም።

እባካችሁ ጥሯቸው። የመሥሪያ ቤት ጉዞ የምታዘጋጁ፣ የወጣት ማኅበር ያላችሁ፣ በእግር ዝቋላ የምትሄዱ ምዕመናን፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ ጥሯቸው። የሚያስከፍሉትን አስቀድመው ይናገራሉ፣ በኋላ የሚጨምሩት የለም። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን፤ ክረምት ሳይገባ ብትደውሉ ቀን ታገኛላችሁ። ለሥልጠናው ሁለት ክሬፕ ባንዴጅ፣ አንድ ነጠላ ወይም ሻሽ፣ ጓንት፣ የግንባር ባትሪና ፊሽካ ይዛችሁ ሂዱ፤ መሬት ላይ ስለምትንበረከኩ አሮጌ ሱሪ ልበሱ።