ነርቭ በብረት ዘንግ አይመረመርም፤ ማርቆስ የምትሄዱ ተጠንቀቁ

ትናንት ደብረ ማርቆስ ላይ የአባቴን 6,500 ብር በሉት። አሁንም ደሜ እንደፈላ ነው።

«ሙሉ ሰውነት በአንድ ደቂቃ» የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ። አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ ነጭ ጋውን ይለብሳሉ፣ ላፕቶፕና የብረት ዘንግ ይዘው ይቀመጣሉ። ምርመራው ርካሽ ነው። የሚያራቁቱት በእንክብሉ ነው።

አባዬ ሁለቱንም እግሩን ማቃጠል ከጀመረው ቆይቷል። ማታ ብርድ ልብስ እንኳ አያስነካም። ነጠላ ጫማው ከእግሩ ሲወልቅ አይታወቀውም። ከደምበጫ ድረስ የመጣነው ምክንያቱን ለማወቅ ነበር።

መርማሪ ነኝ ባዩ ጎረምሳ የአባዬን ጫማ እንኳ አላስወለቀም። ዘንጉን አስጨበጠው፤ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴና ቀይ መስመር ይወጣ ጀመር። አባዬ ወንበሩን ሲያስተካክል ገመዱ ከሳጥኑ ተነቀለ። ጫፉ ጠረጴዛው ላይ ወድቆ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። መስመሩ ግን አልቆመም። ጉበት ወጣ፣ ኩላሊት ወጣ፣ ከዚያ «ነርቭ» ወጣ፤ ቀይ። «ወንድሜ፣ ገመዱኮ ተነቅሏል» አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ። መልሶ ሰካውና «ማሽኑ አንዴ ካነበበ ይበቃዋል። እናንተ ከገጠር ስትመጡ ሁሉም ነገር ብርቅ ይሆንባችኋል» አለኝ። ወደ አባዬ ዞሮ ደግሞ «ነርቭህ ደርቋል። ይኼን ካልወሰድክ ሽባ ትሆናለህ» አለው። የልጅ ልጁ የሚሆን ጎረምሳ፣ ሽማግሌን «አንተ» እያለ!

አባዬ «ሽባ» ሲባል ፊቱ ተለዋወጠ። እጁን ብይዘው «ተው ልጄ፣ አልጋ ላይ ከምውል ብሩ ይሂድ» ብሎ ከካፖርቱ ውስጠኛ ኪስ አውጥቶ ቆጠረላቸው። ደረሰኝ ስጠይቅ ገንዘብ ተቀባይዋ ሳቀች።

ይባስ ብሎ «የሆስፒታሉን ኪኒን ለጊዜው አቁመው» አለው። ምን ኪኒን እንደሆነ ሳይጠይቅ! አባዬ የሚውጠው የቲቢ መድኃኒት ነው።

ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ወሰድኩት። ዶክተሯ ካልሲውን አስወልቃ ጀመረች። ዓይኑን አስጨፍና እግሩን በጥጥ ነካካችው። ሹካ የሚመስል የሚርገበገብ ብረት አውራ ጣቱ ላይ አስቀመጠች፤ አልተሰማውም። ስኳር አለብዎት ወይ? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? አረቄስ? የአረቄ አገር የደምበጫ ሰው ነውና መጠጣቱን አልደበቃትም።

ስኳሩ ደህና ነው። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ፣ አይሶናያዚድ፣ ቫይታሚን ቢ6ን እያሟጠጠ ነርቭ ሊጎዳ እንደሚችል ነገረችን። አልኮልም እንደዚያው። ቢ6 አዘዘችለት። የቲቢውን ግን በራሱ እንዳያቋርጥ አጥብቃ ነገረችው፤ ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። የገዛነውን እንክብልም አስቆመችው። ምን ያህል ቢ6 እንዳለበት አልተጻፈም፤ ቢ6 ራሱ ሲበዛ ነርቭ ይጎዳል አለች። የቢ12 ምርመራ ውጤት ገና ነው። «ሁሉም ተመርምሮም ምክንያቱ የማይገኝበት ጊዜ አለ» ስትል ደግሞ አባዬ አልደነገጠም። እውነቱን የሚነግረው ሰው ነበር የፈለገው።

እግራችሁን ሳያይ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሳይጠይቅ ስለ ነርቭ የሚያወራችሁን ሰው ጥላችሁ ውጡ። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ያላችሁን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

እኔ ሰኞ ንግድ ጽሕፈት ቤት አመለክታለሁ። ማርቆስ እንዲህ የተበላችሁ ካላችሁ የሰጧችሁን ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንግባ።