«ውሃ የማይበግረው» እያሉ የሚሸጡትን እሳት ማቀጣጠያ እንዳትገዙ!

ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን፣ በእንቁላል ካርቶን የተሠራውን ባለ 12 ፍሬ ማቀጣጠያ ታውቁታላችሁ። ቪዲዮው ላይ ውሃ ውስጥ ነክረው ያወጡታል፣ ክብሪት ይጭሩበታል፣ ቦግ ይላል። እጃችሁ የሚገባው ግን ሌላ ነው።

ዛሬ እዚያው ሱቃቸው፣ ባንኮኒው ላይ፣ አንዱን ፍሬ በቢላ ለሁለት ከፈልኩት። ላዩ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሻማ፤ ከሥሩ ደረቅ ሰጋቱራ ዝርግፍ አለ። ሻጯ ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል ሰጋቱራውን በእጇ ጠርጋ እግሬ ሥር አፈሰሰችውና «እሳት ማንደድ ካልቻልክ እኛ ምን እናድርግህ?» አለችኝ። ግማሹን አንስቼ ደግሜ አሳየኋት። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብላ ካርቶኑን በክርኗ ገፋችው። ባለቤቱ ከኋላዋ ቆሞ ይስቃል። 850 ብር ተቀብለው!

ነዳጁ ሻማው ነው፤ ሰጋቱራው ክሩ ነው። ሻማው እስከ ታች ካልዘለቀ ላዩ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ውስጡ ይጤሳል እንጂ አይነድም። ሻማ በደንብ የጠጣ አንድ ፍሬ ግን ወደ 10 ደቂቃ ይነድዳል፤ እርጥብ ጭራሮም ሆነ ከሰል ለማያያዝ ይበቃል። የእነሱ ካርቶን ደግሞ ሥሩ ሻማ አልነካውም። ሰሜን ተራሮች ውስጥ እንዳለው የሳንቃበር ካምፕ ባለ 3,250 ሜትር ከፍታ ላይ ጉሙ ሲወርድ እርጥበቱን ከታች ይስባል፣ ያኔ አለቀለት። ሰጋቱራውም እንደ ዱቄት የላመ የቺፑድ ብናኝ ነው። ሙጫ አለበት፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ሥጋ የሚጠበስበት እሳት ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን አስቆርጡ። እምቢ ካሉ ውጡ።

ከዚህ ሁሉ ቤት መሥራት ይሻላል። የሻማ ቁርጥራጭ በጣሳ አድርጋችሁ ጣሳውን የፈላ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አቅልጡ። ለ1 እጅ ቅልጥ ሻማ 2 እጅ ያህል የንጹሕ እንጨት ሰጋቱራ ቀላቅሉ፤ ፀሐይ ላይ በደንብ የደረቀ ይሁን፣ እርጥብ ከሆነ ሻማ አይጠጣም። ከወረቀት በተሠራ የእንቁላል ካርቶን ውስጥ በማንኪያ ጠቅጥቁት፣ ሲረጋ ሥሩንም ሻማ ንከሩት። ጣሳውን በቀጥታ እሳት ላይ እንዳትጥዱ፤ ድንገት ቢያያዝ በክዳን ድፈኑት እንጂ ውሃ አትድፉበት።