ተረከዛችሁን የሚያማችሁ፣ «አጥንት ያሟሟል» የሚባለውን የማግኔት ሶል እንዳትገዙ

6,500 ብር ከፍዬ ሁለት ቁራጭ ጎማ ገዝቻለሁ። እናንተም እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

ፀጉር ሠሪ ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ሴራሚክ ላይ፣ ያውም በስስ ነጠላ ጫማ እቆማለሁ። ከክረምት ጀምሮ ጠዋት ከአልጋ ወርጄ ግራ እግሬን ሳሳርፍ ተረከዜን በሚስማር የተወጋሁ ያህል ያመኝ ጀመር። ትንሽ ስራመድ ይለቀኛል፤ ተቀምጬ ስነሳ ይመለሳል። ብርድ ነው ሲሉኝ ያልተቀባሁት ቅባት የለም።

በቴሌግራም ያገኘሁት ሻጭ «ራጅ ካለሽ ላኪልኝ» አለኝ። ላክሁለት። «አጥንት በቅሎብሻል፤ ካልሟሟ ኦፕራሲዮን ነው። ሶሉ በ21 ቀን ያሟሟዋል፣ ካልዳንሽ ብርሽን ትወስጃለሽ።» ኦፕራሲዮን ሲል ደንግጬ በቴሌብር ላክሁ፤ ዕቃው በሞተር መጣ። 21 ቀን ሞላ፣ ህመሙ ያው ነው። ብሬን ስጠይቅ «በቀን ለ8 ሰዓት ያህል አላደረግሽውም» አለኝና ሁለተኛ ዙር በቅናሽ ሊሸጥልኝ ሞከረ። ስቆጣ ብሎክ አደረገኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ሐኪም ጋ የሄድኩት። (መቅደም የነበረበትን መጨረሻ ላይ ማድረግ ልማዴ ነው።) ሐኪሟ ተረከዜን ከውስጥ በኩል በአውራ ጣቷ ስትጫነው ጮህኩ። ፕላንታር ፋሺያይተስ ይባላል አለችኝ፤ ከተረከዝ አጥንት እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋው ወፍራም ጅማት የሚታመምበት ነው። ሌሊት ይኮማተራል፣ ጠዋት ስንረግጠው ይወጠራል። የበቀለውስ አጥንት? ብዙ ሰው ተረከዙ ላይ አለው፣ አንዳች አያመውም። ያስፈራሩኝ በዚያ ነው እንግዲህ።

ስለ ማግኔቱም ቆይቼ አነበብኩ። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 101 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ነበር፤ ለአንዳንዶቹ የማግኔት ሶል፣ ለሌሎቹ ማግኔት የሌለው አምሳያ ተሰጣቸው። ከ8 ሳምንት በኋላ ልዩነት አልተገኘም። ታዲያ ዳንን የሚሉት የቪዲዮ ምስክሮች? ሁሉም ውሸታም ላይሆኑ ይችላሉ። ይህ ህመም አብዛኛውን ሰው በዓመት ጊዜ ውስጥ ይለቀዋል፤ ሊለቀው ሲል የገዛ ሰው ሶሉን ያመሰግናል።

እኔን የረዳኝ ብዙ ብር አልጠየቀም። ከአልጋ ሳልወርድ የእግሬን ጣቶች ወደ ራሴ ስቤ እስከ 10 እቆጥራለሁ፣ 10 ጊዜ። ግድግዳ ተደግፌ ባቴን እዘረጋለሁ። ማታ ውኃ ሞልቼ ያበረድኩትን ሃይላንድ በእግሬ ሥር አንከባልላለሁ። ነጠላ ጫማውን ትቼ ተረከዙ ወፈር ያለ ስኒከር ተጫማሁ። ሶል ሁሉ ከንቱ ነው አላልኩም፤ ተራ ለስላሳ ሶል ይደግፋል፣ አጥንት ግን አያሟሟም። ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፤ አሁንም ቅዳሜ ማታ፣ ሥራ ሲበዛ፣ ያስታውሰኛል። መርፌም አለ፣ ለጊዜው ያስታግሳል፤ ሲደጋገም ግን ጅማቱን ሊበጥስ ይችላል ብላኛለች።

እግር ከደነዘዘ፣ ካበጠ፣ ተኝታችሁም ከጠዘጠዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ በረዶም ሆነ ትኩስ ውኃ ሳትጠይቁ አትሞክሩ፤ እግር ላይሰማው ይችላል።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ለሸማች ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣል። ይህን ይዤ ልከስ ስሄድ መጀመሪያ የተጠየቅሁት ደረሰኝ ነው። የነበረኝ የቴሌብር መልእክት ብቻ፤ ብሩም የገባው ከሱቁ ስም ጋር በማይገናኝ ግለሰብ ስም ነበር።