የወንድና የሴት ሻጮች ንጽጽር፦ በጠቅላላ ዓረቦን ወይስ በውል ምጣኔ?

የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ወንድና ሴት የሽያጭ ሠራተኞቻቸውን በጠቅላላ ዓረቦን (ደንበኞች ለዋስትና በሚከፍሉት ገንዘብ ድምር) ሊያወዳድሩ ይችላሉ። መደመሩ ይቀላል፤ ውጤቱ ግን ያሳስታል። የጭነት መኪና ድርጅቶች የተመደቡለት ሻጭ በጥቂት ውል ብዙ ዓረቦን ያስገባል፤ የሕይወት ዋስትና የምትሸጠዋ በየወሩ የሚከፈል ትንሽ ገንዘብ ትሰበስባለች። የታየው ልዩነት የደንበኛ ድልድል ነው፣ የጾታ አይደለም።

የውል ምጣኔ ዋጋ ከቀረበላቸው ደንበኞች ምን ያህሉ ውል እንደገቡ ይለካል። ለምሳሌ እሱ ከ40 ደንበኞች ለ10 ቢሸጥ 25 በመቶ፣ እሷ ከ20 ለ8 ብትሸጥ 40 በመቶ ነው። የሚሻለው ይህ ነው፤ ለየዋስትናው ዓይነት ለብቻ ይሰላ። ለሕይወት ዋስትና በ13ኛው ወር ያልተቋረጠውም ውል ይቆጠር፣ በግፊት የተሸጠ ውል ቶሎ ይቋረጣልና። በዓረቦን ማወዳደር ግድ ከሆነም ድምሩ ለተሠራባቸው ወራት ብቻ ይካፈል፤ በኢትዮጵያ ሕግ 120 ቀን የሆነው የወሊድ ፈቃድ ከተቆጠረ የእሷ ውጤት ያለአግባብ ይወርዳል።